አዲስ አበባ አሞራዎቿን ትቁጠር

አዲስ አበባ ውስጥ አዳኝ ወፍ ለማየት ጫካ መግባት አያስፈልግም። ረፋድ ላይ ቄራ አካባቢ ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። ፀሐይዋ መሬቱን አሙቃ ሞቃቱ አየር ሽቅብ መውጣት ሲጀምር፣ ጥንብ አንሳውና ጭልፊቱ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ሥጋ ቤት ደጃፍ ወርዶ ቁራጭ ሥጋ ነጥቆ የሚሄድ ጭልፊት ያላየ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ያህል ቅርብ ሆነው ሳለ ስለ እነሱ የሚባለው ግን ያው ነው፤ አሞራ የቆሻሻ ምልክት ነው፣ ለዘመናዊ ከተማ አይመጥንም ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቆሻሻው የእኛ ነው። አሞራው ያለ ደመወዝ ያነሳልናል።

ብዙ ጊዜ የምናየው ጭልፊት ነው። ጅራቱ መሀሉ ላይ ገባ ያለ፣ ጫፎቹ ሹል ናቸው። ሲበር ጅራቱን ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዘ ነው የሚታጠፈው። ምንቃሩ ቢጫ ከሆነ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የሚራባው ነው። በበጋ ወራት ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ ጥቁር ምንቃር ያላቸው ዘመዶቹ ይቀላቀሉታል። ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወጣ ካላችሁ ሌላ ታገኛላችሁ፤ ክንፈ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭርና ቀይ። የስልክ እንጨት ላይ ተቀምጦ አይጥ ሲጠብቅ ይውላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቄራ ላይ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ቡናማ ነው፤ ምንቃሩ ቀጭን፣ ላባ የሌለው ፊቱ ሮዝ። ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ፊቱ ቀይ ይሆናል። በየጣሪያው ላይ ስለሚያርፍ ሞልቶ የተረፈ ይመስለናል። ነገር ግን የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ አስገብቶታል። በአፍሪካ ሌላው ቦታ በፍጥነት እያለቀ ያለ ወፍ ነው ከእኛ ጋር የሚኖረው። በአንድ ወቅት የሚጥለው ደግሞ አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ አሥር ሲሞቱ ቶሎ አይተካም።

ቢጠፋ ምን ይሆናል? መልሱን ከህንድ ማየት ይቻላል። እዚያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች አለቁ። ሦስቱ ዋና ዋና ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ ቀነሱ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2004 የተገኘው መልስ ዳይክሎፌናክ ነው። እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው ያው ማስታገሻ ማለት ነው። ለከብት ይሰጥ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ህንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ በ2006 አገደች። እስከዚያው ግን ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የባዘኑ ውሾች በዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ አደገ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በዚህ ሳቢያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል።

እኛም አገር ውሻ አለ። የእብድ ውሻ በሽታም አለ። የአባ ሰንጋ ስጋትም እንዲሁ። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲዱ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ለእኛ ገዳይ የሆኑ ብዙ ጀርሞች እዚያው ያልቃሉ። ይህን የሚተካ ማሽን በየትኛውም ማዘጋጃ ቤት አላውቅም።

አሞራዎቹን የሚጎዳው ደግሞ እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው። አንዱ መርዝ ነው። ለውሻ ወይም ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በዚያ አያበቃም፤ የሞተውን የበላ ጥንብ አንሳ ይከተላል። ለውሻው ክትባት እያለ መርዝ የሚመረጥበት ምክንያት አይገባኝም። ሌላው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ሽቦ ላይ ያረፈ ወፍ ምንም አይሆንም። ትልቅ ክንፍ ያለው ወፍ ግን ሁለት ሽቦ ወይም ሽቦውንና የምሰሶውን ብረት አንድ ላይ ከነካ ያበቃለታል። ፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ጥንብ አንሳዎችን ፈጅቷል። ከቱርክ ተነስተው ወደ እኛ አፋር የሚወርዱት ዓይነት ናቸው። መስመሩ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ሽቦውን በፕላስቲክ መሸፈን ብቻ ብዙ ሕይወት ያድን ነበር። በኮሪደር ልማቱ ኬብሎች መሬት ውስጥ መቀበራቸው ለወፎቹም ጥሩ ዜና ነው። ጎጆ የሚሠሩባቸው ረጃጅም ዛፎች ግን መትረፍ አለባቸው።

የአውሮፕላኑን ነገር የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ልክ ናቸው። መስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። ከእርግብ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ጥንብ አንሳ ደግሞ ቀላል አደጋ አይደለም። ነገር ግን ወፉን ወደ ቦሌ ሰማይ የሚጠራው ክፍት ቆሻሻና የቄራ ተረፈ ምርት ነው። እሱ በሥርዓት ከተያዘና ከበረራ መስመር ከራቀ አደጋው ይቀንሳል። መተኮስና መመረዝ ግን ቦታውን ለሌላ ወፍና ለውሻ ይለቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው፤ ከተማዋ በየዓመቱ አሞራዎቿን ትቁጠር። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፍ የሚያውቁ ሰዎች አሉት። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ የትምህርት ቤት ክበባት አሉ። ቄራ፣ ረጲ፣ ጉለሌ እጽዋት ማዕከልና እንጦጦ ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሰው ማቆም ከባድ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያም ጥሩ መቆሚያ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር፤ ሲቀንስ የከተማው ጤና ቢሮና መብራት ኃይል ለምን ብለው ይጠይቁ።

ለመጀመር ኅዳር ይሻላል። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ይጠራል፣ እንግዶቹም ገብተዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሁለት ሰዓት ቢቆጠር ይበቃል፤ ቢጫ ምንቃሩና ጥቁር ምንቃሩ ግን ለየብቻ ይመዝገብ።