ለክቡር «ኦርጅናል» ካንዴላ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ውለታ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሞተር ውስጥ ተገጥመው ቤንዚኑን በብልጭታ ማንደድ ሥራዎ ነውና፣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልዎ ካሰብኩ ቆየሁ። አድራሻዎ ግን አልያዝ አለኝ። ዛሬ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነዎት፣ ነገ ጎማ ተራ። ጠዋት የጃፓን ሳጥን ለብሰው ከሰዓት የጀርመን ይሆናሉ። ዜግነት ሲቀይሩ ወረፋ አይዙም፣ «ሲስተም የለም» አይባሉም፣ ነገ ይመለሱ አይባሉም። እኛ አንዲት ፓስፖርት ለማሳደስ ስንመላለስ ቢያዩን ይስቁብናል።

ያለፈው ቅዳሜ ያደረጉልኝ ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እየወጣሁ ነበር። ከጎኔ አማቴ ተቀምጠዋል። አባባ ጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ለሱባሩዬ አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ቱርቦ አስጨምሬ፣ ኮምፒውተሯ ላይም የነዳጅና የብልጭታ ልክ የሚያዝ አዲስ ማፕ አስጭኜ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀውኝ ነበር። «በዚህ ገንዘብ ቦታ አይገዛም ነበር?»

መልሱን ዳገቱ ላይ ላሳያቸው አሰብኩ። ንግግሬንም በቃሌ ይዣለሁ። አባባ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ሩብ ትንፋሹን ተነጥቆ ነው የሚኖረው። እና ቱርቦ ቅንጦት አይደለም፣ መድኃኒት ነው። እንዲህ ልላቸው ነበር።

ብሔራዊ ቲያትርን አለፍን። ትንሽ ወጣ ስንል መብራት ያዘን። አረንጓዴ ሲበራ ረገጥኩት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። የቱርቦውን ግፊት የምታሳየው የቡስቱ መርፌ ተነሳች። አባባ የበሩን እጀታ ያዙ። እኔ ፈገግ አልኩ።

ይሄኔ ክቡርነትዎ ንግግር አደረጉ።

ጧ! ጧ ጧ! ጧ!

መኪናዋ ተንገጫገጨች። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረ እግረኛ ሁሉ ዞረ። አንዲት እናት ልጇን ስባ ግድግዳ ተጠጋች። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው ብዙ ነው። ለእርስዎ ቀልድ ሊሆን ይችላል።

ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀው። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ወንድሜ፣ ፈንዲሻው ሲደርስ ጥራን!» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ቀጥሎ አንዲት ቪትዝ፣ ሰው እስከ አፏ ሞልታ፣ ጣሪያዋ ላይ ፍራሽ አስራ፣ ዳገቱን ይዛ አለፈችኝ። ሳትቸኩል።

ትራፊኩ መጣ።

«መንጃ ፈቃድ።»

«ጌታዬ፣ ተበላሽቶብኝ ነው።»

«እዚህ መቆም ክልክል ነው።»

«እኔም መቆም አልፈለግኩም።»

ይህች መልስ የቅጣት ወረቀት ሆና ተመለሰችልኝ። ለእሷም ምስጋና ይገባዎታል።

አባባ ቀበቶውን ፈትተው ወረዱ። ኮታቸውን አስተካከሉ። «አይዞህ ልጄ፣ እኔ በታክሲ እወጣለሁ» አሉኝ። የገቡት ያው ፈንዲሻ የጠየቀኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ የፊቱን ወንበር አስለቀቀላቸው። ማታ እንደሰማሁት ደግሞ ከታክሲው ሳይወርዱ ለባለቤቴ ደውለው፣ «ለልጁ ትንሽ ብር ላኪለት፣ መንገድ ላይ ቀርቷል» ብለዋታል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋራዥ የደረስኩት ተጎትቼ ነው። የመጎተቻውን ዋጋ እንተወው። የሱባሩ ሞተር ጋደም ብሎ ነው የሚሠራው። ካንዴላው ከላይ አይገኝም። ከጎን፣ በሞተሩና በመኪናው አካል መሀል፣ እጅ እንኳ በማታስገባ ክፍተት ውስጥ ነው። በአንዱ በኩል ባትሪ ይወርዳል፣ በሌላው የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይፈታል። ሞተሩ እስኪበርድም ይጠበቃል። ትኩስ የአልሙኒየም ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) ላይ ካንዴላ የሚፈታ ሰው የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ጠበቅን። ቡና ጠጣን። መካኒኩ ክርኑ እስኪላጥ ድረስ ታገለና አንድ በአንድ አወጣዎት።

አራት ነዎት። አራት ዓይነት ነዎት። ሮንዴላዎ፣ ያ የብረት ቀለበት፣ በጣት ሲነካ ወልቆ ወደቀ። ደህና ካንዴላ ሮንዴላውን እንዲህ በቀላሉ አይጥልም። የአንዱ የብረት ምላስ ወደ ግራ ያያል። ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ስንለካ አንዱ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 0.9፣ ሁለቱ ደግሞ 1.1 ናቸው። ቱርቦ የተጨመረበት ሞተር 0.7 አካባቢ ነው የሚፈልገው። ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ብልጭታው ሰፊውን ክፍተት መዝለል ያቅተዋል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታ ገብቶ ይፈነዳል። ፈንዲሻው ይሄ ነው።

እስከዚህ ድረስ ይቅር እልዎት ነበር። ሳጥንዎ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን 7 ነው።

ቁጥሩ የካንዴላው የሙቀት ደረጃ ነው፤ 7ን የመረጥኩት ስላማረኝ አይደለም። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የታዘዘላት 6 ነው። ጉልበት ሲጨመር ሙቀትም ይጨመራል። ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት በጨመርክ ቁጥር አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ ግጠም ይባላል። ቀዝቃዛው ካንዴላ ነጩ የሴራሚክ አፍንጫው አጭር ነው። ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያሻግራል። ጫፉ ከ450 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥላሸት ይይዘዋል። ከ850 ገደማ ካለፈ ደግሞ ብልጭታ ሳይጠብቅ ራሱ ፍም ሆኖ ነዳጁን ያለ ሰዓቱ ያነደዋል። ሥራው በነዚህ በሁለቱ መሀል መኖር ነው። ሌላ ምንም አልተጠየቀም።

መካኒኩ ከመሳቢያው አንድ አሮጌ እውነተኛ 7 አውጥቶ ከጎንዎ አቆመው። የእሱ አፍንጫ አጭር። የእርስዎ እንደ ፒኖኪዮ።

ከዚያ የመጨረሻውን ወደ ብርሃን አዞረና ዝም አለ። መካኒክ ዝም ሲል ኪስ ይደነግጣል። «ይሄን አየኸው?» አለኝ። ሴራሚኩ ላይ ደቃቅ ብርማ ነጠብጣብ ተለጥፏል። አልሙኒየም ነው። ከፒስተኑ የተላጠ።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርብን። አልቻልኩም።

አንተ ሌባ! ፒስተኔን እየበላህ ነበር። ሦስቱ ወንድሞችህ ጮኸው በአደባባይ ባያዋርዱኝ አንተ ድምፅህን አጥፍተህ ልትበሳው ነበር። ስምህ መሀል ‹አር› የሚል ፊደል አለ። ሬዲዮ የሚረብሸውን የኤሌክትሪክ ጩኸት የሚያበርድ ሬዚስተር አለኝ ማለት ነው። ሜትር አደረግንብህ። እውነተኛው 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። አንተ ዜሮ። ባዶ ሽቦ። ለካ ሬዲዮዬ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር አብሮኝ ሲጮህ የከረመው በአንተ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነው ይህን 7 ያተመብህ። ተሳስቶ አይደለም። ሳጥኑን፣ ሆሎግራሙን፣ የጃፓንኛውን ጽሑፍ ሁሉ አሟልቶ ከውስጥ ምንም አላስቀመጠም።

እኔስ ይሁን። ቱርቦ የምረግጠው ለደስታዬ ነው፤ ቢብስብኝ እግሬ አለ። ሌሊት ተነስቶ ቤንዚን የሚሰለፈው የታክሲ ሹፌርስ? ማደያ በር ላይ መሪው ላይ ተደፍቶ የሚያድረው? ለባለ መኪናው የቀን ገቢ አስገብቶ በተረፈችው ነው ካንዴላ የሚገዛው። ለእሱም ትሸጥለታለህ። ያን በእንቅልፉ የገዛውን ቤንዚን ሳታቃጥለው በማርሚታ ትተፋበታለህ። እሱ ደግሞ ነዳጁ ውኃ ተቀላቅሎበት ነው ይላል፣ ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ይቀይራል፣ ይበደራል። አንተን የሚጠረጥርህ የለም። ሳጥንህ ያምራላ።

ይቅርታ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

እርስዎን የገዛሁበትንም ቀን አልረሳሁትም። ሱቁ ውስጥ ገብቼ «ቢኬአር 7 ኢ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ» አልኩ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቀዝቃዛ? በዚህ ሐምሌ?»

«አዎ፣ ቀዝቃዛ።»

«ወንድሜ፣ ጠዋት አይነሳልህም። ይልቅ ትኩሱን ልስጥህ።»

ሙቀቱ ከደጅ ብርድ ጋር እንደማይገናኝ ላስረዳ ሞከርኩ። አዳመጠኝ። አዳምጦም ሲያበቃ «እሺ ቁጥሩ ከፍ ይበልልህ? ትልቁ ጠንካራ ነው» አለ። በጃፓኖቹ አምራቾች በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በጀርመኑ ቦሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚቀዘቅዘው። የኤንጂኬው 7 ዴንሶ ዘንድ 22 ይባላል። ይህን ሁሉ ብነግረው ሦስቱንም ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ያው ናቸው፣ ደስ ያለህን ውሰድ» አለኝ። ከዚያ ያቺ የምናውቃት ጥያቄ መጣች። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

በደረሰኝ ገዛሁ። የዜግነት ግዴታዬ ነው ብዬ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የመኪና ዕቃ» ነው። ከግርጌው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ይህችኛዋ በደማቁ ታትማለች።

ይህንኑ ደረሰኝ ይዤ ሰኞ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሊፍቱ የማይሠራው ነው። የቅሬታ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ነው። ፎርሙ የሚሰጠው ግን ምድር ቤት። ፎርሙን ሞልቼ ወጣሁ። «የዕቃው ስም ደረሰኙ ላይ የለም» ተባልኩ። ዕቃውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ይሄ የተገጠመ ነው፣ ያገለገለ ዕቃ አንቀበልም።» ሳይገጠም እንዴት ነው የሚታወቀው? «በባለሙያ ይረጋገጣል።» ባለሙያው ማነው? «እዚህ አይደለም።» የት ነው? ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። አዘነችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ እኔም ለባጃጃችን እንደዚሁ ሸጠውልናል» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ ያለኝ ቅሬታ ጥቃቅን ነው። ካንዴላ ሲገጥም በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ የሚያጠብቀውን መካኒክ ፈጣሪ ይይለት። ለእንዲህ ያለው አልሙኒየም ቴስታታ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ ደግሞ በጣት እስኪነካ አዙሮ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ዙር። ጥርሱን ግራሶ የሚቀባውም አለ፤ «እንዳይዝግ» ይላል። በግራሶ የተንሸራተተ ካንዴላ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ጎረቤቴ ደግሞ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ኤሌክትሪክ ገዛ። ሰሞኑን የሆነብኝን ስነግረው «ካንዴላ ምንድን ነው?» አለኝ። ሰላምታ ከተዘጋጋን ሰነበትን።

እውነተኛው 7 በመጨረሻ ተገኘ። ዱባይ ያለ ዘመድ በሻንጣው፣ በልብስ መሀል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ክፍተቱን ለካን፣ አራቱም እኩል። መኪናዋ ዳገት ላይ እንደ ሰው ትሄዳለች። ችግሩ ዳገቱ ጋ ለመድረስ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ባለው መጨናነቅ አንደኛ ማርሽ ላይ ስንፏቀቅ ቀዝቃዛው ካንዴላ 450 ዲግሪውን አያያትም፤ ጥላሸት ይይዘዋል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ማታ መንገድ ሲለቅ ወጥቼ ማሞቅ አለብኝ። ለዚህ እርስዎን አልወቅስም። ይህ የመንገዱ ደብዳቤ ነው፤ ለብቻው እጽፈዋለሁ።

ለእርስዎ ግን አንድ ልመና አለኝ። ሶማሌ ተራ መቀመጥዎን አልቃወምም፤ ማንም ከመደርደሪያ አያነሳዎትም። ሳጥኑ ላይ ያለውን 7 ብቻ ያንሱልን። ባዶ ይሁን። ምንም እንዳልሆኑ ይጻፍበት። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚገዛ ሰው ያኔም አይጠፋም።

ከማይቀረው ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሻጩ፤ ሐምሌ እስኪያልፍ ድረስ እንዲያነበው።
ለቅሬታ ክፍሉ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ከሦስት ቅጂ ፎርም ጋር። ማኅተም ስለሌለው እንደማይቀበሉት አውቃለሁ።