ማስተካከያ፦ ዕፅዋት ለማበብ የሚለኩት ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን ነው

ሰሞኑን በስፋት የተሰራጨ ጽሑፍ ሁሉም ዕፅዋት የማበቢያ ጊዜያቸውን የሚያውቁት እንቡጣቸው የቀኑን ርዝመት ሲለካ እንደሆነ ይገልጻል። ትክክል አይደለም። ሐምነርና ቦነር በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ዛንቲየም የተባለው አረም ረጅም ሌሊቱ በአጭር ብርሃን ሲቋረጥበት ሳያብብ ቀረ፤ ቀኑን ለጥቂት ጊዜ ማጨለም ግን ምንም አልለወጠም። ወሳኙ ያልተቋረጠ ጨለማ ነው ማለት ነው።

ለኪውም ቅጠሉ ነው። ጊዜው ሲደርስ ኤፍቲ የተባለ ፕሮቲን ከቅጠሉ ተነሥቶ ምግብ በሚያስተላልፉት ቧንቧዎች ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ይሄዳል፤ እንቡጥ የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሕተቱ ለአበባ አምራች ቀላል አይደለም፦ ለማበብ ረጅም ሌሊት በሚፈልገው ክሪሳንተመም በተባለ አበባ አጠገብ ሌሊት የበራ አምፖል ማበቡን ሊያዘገይ ይችላል። «ሁሉም ዕፅዋት» መባሉም የበዛ ነው፤ አብዛኛው የቲማቲም ዝርያ ለሌሊቱም ለቀኑም ርዝመት ግድ የለውም።