ዶሮ ወጡ የተሳፈረበት ታንኳ

ጎጃም ውስጥ በዓባይ ያልዘፈነ፣ በዓባይ ያልፎከረ ሰው የለም። ገብቶበት የሚያውቅ ካለ ግን ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ባሕር ዳር ተወልደን፣ ጣናን በየማለዳው እያየን አድገን፣ ውኃው ከጉልበታችን አለፍ ሲል "እናቴ ድረሽ!" የምንል ሰዎች ነን። እና የፋሲካ ማግስት አንዱ የአክስቴ ልጅ ብድግ ብሎ "ዘንድሮ በታንኳ ደብረ ማርያም ገዳም እንሂድ፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየን እንዋል" ሲል ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ያጨበጨበው እንደማይሆን እርግጠኛ ስለነበር ነው።

ልጁ ግን ታንኳ ተከራይቶ መጣ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁላችንም ነጭ በነጭ ነን። ታንኳ ደግሞ ደንገል የሚባል የሐይቅ ዳር ተክል ታስሮ የሚሠራ ነገር ነው፤ ምስማር የለው፣ ሞተር የለው። ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ በቀላሉ አይሰምጥም፣ ውኃ ግን ያስገባል። ጀልባ ውኃ ሲያስገባ መስጠም ጀመረ ይባላል፤ ታንኳ ውኃ ሲያስገባ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ቀዛፊዎቹ ሲጨርሱ ዳር አውጥተው የሚያደርቁትም ለዚሁ ነው። ይህንን ለሀበሻ ቀሚስ ማን ይንገረው? ላይፍ ጃኬት ያመጣ ሰውም ነበር፣ ጥልፉን ይሸፍናል ተብሎ ተመለሰ።

ዋናው ጠብ የመጣው በአቀማመጥ ነው። መሶቡ፣ የዶሮ ወጡ ድስትና የጠላው ጀሪካን አንዱ ታንኳ ላይ ተጫኑ። በቃ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ካልጠፋ ታንኳ እዚያችው ላይ ካልወጣሁ አለ። አይፈረድበትም፤ 55 ቀን ጾሞ የከረመ ሰው ከዶሮ ወጥ ተለይቶ ውኃ አይሻገርም። አንዱ "ድስቱን የሚይዝ ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል" ብሎ ገባ፣ ሌላዋ "ክዳኑን ማን ሊይዝ ነው?" ብላ ተከተለችው፣ አንዱ ደግሞ ምንም ምክንያት ሳያቀርብ ዝም ብሎ ተቀመጠ (እሱን ነው ያደነቅሁት)። ጋሼ የተቀመጡበት ታንኳ ባዶውን ቀረ። ጋሼ ወሬ ስለሚያበዙ ነው። እኔ ለእሳቸው ደረስኩ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት፣ በመቅዘፉም የተካኑት የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እትዬ ገና ዳር ላይ ሆነው "እነዚህ እኮ ጉማሬ ይበሉ ነበር አሉ" እያሉ ሹክ ሲሉ፣ ለቀዛፊው ጠላ የሚቀዳበት ለብቻው የሚሆን ጣሳ ሲያስፈልጉ ነበር። ሕይወታቸውን የሚሰጡት ሰው ላይ ጣሳ ይቆጥሩበታል! ትንሽ እንደሄድን ከደንገሉ ዳር አንድ ጉማሬ ፉፍ ብላ ብቅ አለች። እትዬ የቀዛፊውን ጋቢ ሙጭጭ አድርገው ያዙ። "የኔ ጌታ፣ ወንድም ዓለም፣ አደራህን!" ካሉ በኋላ ደግሞ ትንሽ ቆጣ ብለው "ጉማሬ ትበሉ የለም እንዴ? ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ!" ቀዛፊው አልመለሰላቸውም። ጉማሬዋ ወደ ጥልቁ የምትገባበትን መንገድ ለቅቆላት፣ ቀስ ብሎ ዞረና አለፈ። የልዩ ጣሳው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

እኛ ታንኳ ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቀጥሏል። ጋሼ፣ ግልገል ዓባይ ከሰከላ መጥቶ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ እንደሚወጣ ነገሩኝ። "ያቻትልህ መስመሯ! አታያትም?" አየኋት አልኩ። ካላየሁ ምሳ ድረስ ሊያሳዩኝ ነው።

ደብረ ማርያም ተሳልመን፣ ምሳችንን በልተን፣ ጠላው መሥራት ሲጀምር ጋሼ ወኔያቸው ተነሳ። "ለምን በወራጁ ይዘነው ጢስ ዓባይ አንደርስም? 30 ኪሎ ሜትር ምን አላት! ፈረንጆቹ በ1996 ዓ.ም. እኮ ዓባይን በጀልባ እስከ ሜዲትራኒያን ወርደውታል፣ በ114 ቀን!"

ቀዛፊው መቅዘፊያውን አስቀምጦ በአክብሮት አዳመጣቸው።

"እነሱ ዶሮ ወጥ አልጫኑም ጋሼ" አለ። "ግን ይቻላል። በመጀመሪያ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ላይ ያለውን የጨረጨራን ግድብ ያስከፍቱልኝ። ከዚያ ፏፏቴው ነው፣ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል። የመመለሻውን ከሱዳኖች ጋር ይነጋገሩ። የኔን ሒሳብ ግን እዚሁ ይዝጉልኝ።"

ሒሳብ የሚለውን ሲሰማ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ለነገሩ እንደየታንኳው እንክፈል ተባለ። ጠዋት በግፊያ የተሞላችው የዶሮ ወጡ ታንኳ ላይ ማን እንደነበር ሲጠየቅ አንድም ሰው አልተገኘም። ሁሉም ከጋሼ ጋር ነበርኩ አለ።