ስልኩን ልስጥሽ?

ወሎ የሐኪም እጥረት አለበት የሚል ሰው ታሞ አያውቅም ማለት ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሳሎን ብቻ፣ በአንድ ከሰዓት አሥራ አንድ የካንሰር ስፔሻሊስት ቆጥሬያለሁ። አንዳቸውም የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጡም። ክፍያም አይጠይቁም። ቡና ከተፈላላቸው ይበቃቸዋል።

ታማሚዋ አክስቴ ናት። ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት አገኘች። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዶ ካንሰር መሆኑን ነገራት። "ገና ነው፤ ቶሎ ይውጣ፣ ከዚያ ኬሞ ትወስጃለሽ" ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚልካት ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱ ቡፌው ላይ፣ ከስኒዎቹ ሥር ተቀመጠ። ስምንት ወር ተቀመጠ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። አክስቴ አልደበቀችም። መድኃኒቱ ዘነበባት።

የጠያቂዎቹን ሥርዓት ሳላደንቅ አላልፍም። አቦል ላይ ማንም መድኃኒት አያዝም፤ ነውር ነው። "አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሻል"፣ "ማርያም ትማርሽ" ብቻ ነው የሚባለው። ወሎ ነውና ሁለቱም ከአንድ ፍራሽ ላይ ይባላሉ። ክሊኒኩ የሚከፈተው ቶና ሲቀዳ ነው። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዙ። ሌላዋ ቤኪንግ ሶዳ በሎሚ። ከጥግ በኩል የጊሽጣ ቅጠል መጣ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን መታ መታ አድርገው፣ "ኧረ እሷን የሚያድናት ሽፈራው ነው!" አሉ። አክስቴ ግራ ገባት። "የቱ ሽፈራው? የቀበሌው?" ቅጠሉን ነበር ያሉት።

በረካው ላይ ዋናው መጣ። ጎረቤታችን ወደ አክስቴ ጆሮ ጠጋ አሉ፤ ግን ድምፃቸው ጓዳ ድረስ ይሰማል። "ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ፣ አንድ ሰው አለ። ስልኩን ልስጥሽ?"

ሰውየው ጥበበኛ ነው። መድኃኒቱ በሁለት ሊትር ሃይላንድ መጣ፤ ወረቀቱ የተላጠ፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ። ቀለሙ የቡና አተላ ይመስላል፤ ሽታው የከረመ ጌሾ ነው። ሲወዘወዝ ከሥሩ እንደ ፀጉር ያለ ነገር ብድግ ብሎ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ስኒ፣ በባዶ ሆድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ወተት ክልክል ነው። በርበሬ ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪም ክልክል ነው፤ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል።" ተፎካካሪውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከገበያ ያስወጣ ሌላ ነጋዴ እኔ አላየሁም። ሦስቱ ዙር 18 ሺህ ብር ነው። ሐይቅ ያለው አጎቴ ጊደሩን ሸጠ።

ደግሞ ይህ መድኃኒት ተሳስቶ አያውቅም። አክስቴ ስታስመልስ ደወልን፤ "በሽታው እየወጣ ነው" አለ። ማስመለሱ ሲቆም ደወልን፤ "በሽታው ወጥቶ አልቋል" አለ። እብጠቷ ሽምብራነቷን ትታ እንቁላል ስታህል ደወልን፤ "አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሊወጣ ነው" አለ። እንዲህ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ስልኩን ቶሎ አለማንሳቱ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅም አልቀረም፤ ቪዲዮ ላከ። የኮክ ፍሬ ሲሰበር ውስጡ "ቫይታሚን ቢ17" አለ፣ ሐኪሞች ደብቀውት ነው ይላል። ቫይታሚን አይደለም እንጂ፤ ሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚለቅ ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ከዚሁ የተሠራውን 178 ታማሚ ላይ ሞክረው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። የዳነ አልነበረም፤ የአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ግን ሳያናይዱ ወደ መርዝነት ተጠግቶ ተገኘ። ይኸው እንግዲህ፣ መደበቅ እንኳ አልቻሉበትም።

አክስቴ ኬሞውን የጠላችው "ኬሚካል ነው፤ እኛ የቅጠልና የሥር ሰዎች ነን" ብላ ነው። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት አንዱ ፓክሊታክሰል መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት መሆኑን ነገርኳት። "ታዲያ ለምን በሃይላንድ አያደርጉትም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የታወቀውን ሕክምና ትተው አማራጭ በሚባለው ብቻ የታከሙ 281 ሰዎችን ከሌሎች ታማሚዎች ጋር አነጻጸሩ። የመሞት ዕድላቸው በሁለት ተኩል እጥፍ በልጦ ተገኘ፤ በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ። ግን እነሱ የሞተውንም ይቆጥራሉ። እኛ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ቆጠራውን እንተወዋለን።

የዳነ ሰው ልይ ብዬ ተነሣሁ። ደሴ "ኮምቦልቻ አንዲት ሴት ድናለች" አሉኝ። ኮምቦልቻ ስወርድ "የባቲዋ ናት" አሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ጠየቅሁ። ግመል የሚሸጥ ሰው "እሷማ ሚሌ ነው ያለችው" አለኝ። ወደ ሚሌ አልሄድኩም። ጅቡቲ እንደሚሉኝ ገባኝ።

በስምንተኛው ወር ሃይላንዱም ጊደሩም አለቀ። ባለመድኃኒቱ "እምነት ጎድሏት ነው፤ ደግሞም ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት" አለን። በማግሥቱ ሌሊት ወረቀቷን ከስኒው ሥር አንስተን አውቶቡስ ተሳፈርን። 400 ኪሎ ሜትር ሙሉ አክስቴ ትንፍሽ አላለችም። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ወረቀቱን አየ፣ ቀኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ቀዶ ጥገናው ለጊዜው አይሆንም ተባለ፤ መጀመሪያ በኬሞ ይቀነስ።

ከአሥራ አንዱ ስፔሻሊስቶች ለአውቶቡሱ ብር ያዋጣ አልነበረም። አይፈረድባቸውም፤ የሙያቸው ዘርፍ አይደለም።

ባለፈው ወር ከወልድያ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ወሬው ወደ በሽታ ዞረ። ውጫሌን እንዳለፍን ጎኔ የተቀመጠው ሰው ደሴ ስላሉ አንዲት ሴትዮ ማውራት ጀመረ። ነቀርሳ ይዟቸው ሐኪም ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር አለ፤ በሦስት ሃይላንድ ድነው ቁጭ ብለዋል። በመጨረሻ ምስክሬን አገኘሁ ብዬ ዞርኩ። "ማን ይባላሉ?"

የነገረኝ የአክስቴን ስም ነው። ሠፈሩንም አልሳተም።

አክስቴ በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ በሻሽ ተጠቅልላ አራተኛ ዙሯን እየጠበቀች ነበር።

"የሰውየውን ስልክ ልስጥህ?" አለኝ።

"አለኝ" አልኩት።

ፊቱ በራ። ወደ ኋላ ወንበር ዞሮ፣ "አያችሁ? እሱም ያውቀዋል!" አላቸው።