ልብ ግዛ

«አባዬ፣ ልብ አለቀብኝ» አለችኝ ልጄ፣ ስልኩን እንደ ባዶ ሰሐን ወደ እኔ እየገፋች።

ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የድሬ ፀሐይ ግን ሰዓት አትጠብቅም፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ማንቋቋት ጀምራለች። የፈረንሳይኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነን። የስልኩ ፕሮግራም ለተማሪው አምስት ልብ ይሰጥና በተሳሳተ ቁጥር አንድ አንዱን ይቀማል። አምስቱም ሲያልቁ ሁለት ምርጫ አለ፦ ወይ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ወይ ከፍሎ ልብ መግዛት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ ልጅ ልብ ግዛ!» ስትለኝ የት እንደሚሸጥ አልነገረችኝም ነበር። ለካ ኢንተርኔት ላይ ነው። ያውም በዶላር።

ጣጣውን ያመጣችብኝ ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ናት። ሦስት ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም፤ እቤቷ ቁጭ አድርጋ ራሷ ነው የምታስተምራቸው። «ሆምስኩል» ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ በ50ውም ግዛት የተፈቀደ ነው፣ ደንቡ ብቻ ከግዛት ግዛት ይለያያል። አንድ ቀን በቪዲዮ ስትደውል ልጆቿ ከኋላዋ በስፓኒሽ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። የኔዋ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆማ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ትከራከር ነበር። ቀናሁ። «ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ጫንላት» አለችኝ እህቴ። «ነፃ» ማለት ልብ እስኪያልቅ ድረስ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እናም በዚያ ክረምት ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። እኔ ርዕሰ መምህር፣ ባለቤቴ ደግሞ ያለ ምርጫ የወላጅ ኮሚቴ። ልምድ እንኳን ነበረኝ፤ በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ያልተሾመ መምህር ማን ነበር? (ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ከኔ የቀሰመችው እውቀት ቢኖር «ቆይ፣ ስልክ እያወራሁ ነው» የሚለው ነው።) ሰሌዳ ገዛሁ። ደወልም ሰቀልኩ። ደወሉን የሰማች ጎረቤታችን በሦስተኛው ቀን ስኳር ቋጥራ መጣችና ባለቤቴን ጓዳ አስገብታ «አይዞሽ፣ የልጅ ነገር ነው፤ ለመሆኑ ምን አጥፍታ ነው ያባረሯት?» አለቻት።

ፈረንሳይኛን የመረጥኩት ለጅቡቲ ብዬ ነው። የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ የድሬ ሰው ደግሞ ዕድሉን ሁሌም በዚያ በኩል ነው የሚጠብቀው። ችግሩ ፕሮግራሙ አማርኛ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ፈረንሳይኛውን የሚያስተምረን በእንግሊዝኛ ነው። ከድሬ ጅቡቲ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ እኛ ግን በለንደን ዞረን መሄድ ነበረብን።

መንገዱም ጤነኛ አይደለም። «ዝሆኑ ሰማያዊ ሸሚዝ ይወዳል።» «አያቴ ፈረሱን ኩሽና ውስጥ ትፈልገዋለች።» በየትኛው አገር ነው እንዲህ የሚወራው? ድሬ ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ቢሰማ «ተዉት፣ ምርቃና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የሰዓት ትምህርት የደረስን ቀን ደግሞ እልቂት ሆነ። ማሽኑ ትንሹ ዘንግ ሰባት ላይ ያረፈ ሰዓት እያሳየ «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ልጄ በኩራት «ኢል ኤ ዩን ኧር» አለች፣ አንድ ሰዓት ነው። ልብ ተቀማች። ዘንጉ ዘጠኝ ላይ ሄደ፤ «ሦስት ሰዓት» አለች። ሌላ ልብ። እኔም አጠገቧ ቆሜ «ትክክል ነሽ፣ በርቺ» እላለሁ። በአምስት ደቂቃ አምስቱም ልቦች አለቁ፤ ስድስት ሰዓት ወዲህና ወዲያ መሆናችንን ለማሽኑ የሚነግርልን ጠፋ።

ከዚያ አንተና አንቱ መጣ። ፈረንሳዮች ለሚቀርቡት «ቱ»፣ ለሚያከብሩት «ቩ» ይላሉ። ይህን ለጎንደር ልጅ ማስረዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ድሬ ላይ ግን ሽማግሌውም፣ ባለሥልጣኑም፣ ዶክተሩም «አንተ» ነው፤ ትንሽ ማክበር ከተፈለገ ፊቱ ላይ «አቦ» ይጨመርበታል። ልጄ ለፖሊሱም ለፕሬዚዳንቱም «ቱ» እያለች ልቧን ጨረሰች።

እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ሞኝ አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የለሽ ቃላትን እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን ኖሮ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ፦ ሰው የተማረውን መጀመሪያ በጥድፊያ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ይረሳል። ስለዚህ ቃሉ ሊጠፋ ሲል መልሶ መጠየቅ ነው፤ ነገ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ። የሰፈራችን ባለሱቅ ኤቢንግሃውስን ባያነብም ዱቤዬን የሚጠይቀኝ ልክ በዚህ ስሌት ነው። ልረሳው ስል በር ላይ አገኘዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ደወሉን ረግጣ ልጅቷን ቀፊራ ላከቻት፣ ድንችና ቲማቲም ልትገዛ። እኔም «የመስክ ጉብኝት» ብዬ መዝግቤ ተከተልኳት። አንዷን ነጋዴ በኦሮምኛ «ሜቃ?» አለቻት። ከጎኗ ያለችዋን በሶማሊኛ «ኢሚሳ?» አለች። ሽማግሌውን ባለ ቅመም «ቢካም?» ብላ በዐረብኛ ጠየቀችና ሲያስወድዱባት «አቦ ተው እንጂ!» በማለት ወደ አማርኛ ገባች። ሰዋስው ብዙ ቦታ ሳትሰብር አልቀረችም። ልብ የቀማት ግን የለም፤ እንዲያውም ሁለት ቲማቲም ተመርቆላት ተመለሰች።

ዋናው ፈተና የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሙሴ» የሚላቸው የሽማንደፈር፣ ማለት የባቡር ኩባንያው፣ ጡረተኛ አሉን። (እዚህ በጽሑፍ ስለሆነ ነው «እሳቸው» የምለው፤ ደጃቸው ስደርስ «አንተ» ነው።) ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ የሐረርን ተራራ መውጣት ሲያቅተው ከሥሩ ተቀመጠ፤ ያ መቀመጫ ነው ድሬዳዋ የተባለው። ኩባንያው የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃርን ያለ ፈረንሳይኛ ማን ይጠራዋል? ሙሴም ዕድሜያቸውን በጥገናው ወርክሾፕ፣ በፈረንሳይኛ ሲታዘዙና ሲሰደቡ ነው የጨረሱት።

ስልኩን ሰምተው መጡ። ያን ዕለት ትምህርቱ ፀሐይ በፈረንሳይኛ ወንድ ናት ይል ነበር፤ ልጄ ተናዳለች። «ፀሐይዋ ወጣች ነው እንጂ ፀሐዩ ወጣ ይባላል እንዴ?»

«የፈረንሳዩን አላውቅም» አሉ ሙሴ፣ ሽርጣቸውን እያጠበቁ፤ «የድሬዋ ግን ሰባት ሰዓት ላይ ወንድ ናት።»

ከዚያ «እስቲ እኔን ይፈትነኝ» አሉ። ማሽኑ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰማ፤ ሙሴ ደገሙት። «እንደገና ይሞክሩ» አለ። ደገሙት፣ ር-ዋን እንደ መትረየስ እያንጣጡ። «እንደገና ይሞክሩ።» አለቃቸው ከፈረንሳይዋ ደሴት ከኮርሲካ ነበሩና ሙሴ የሚያውቁት ር ያ ነው፤ የፓሪሱን የጉሮሮ ር ሰምተው «ይሄ ሰውዬ አጥንት አንቆታል» አሉ። በመጨረሻ ውጤት መጣ፦ ደረጃ አንድ፣ ጀማሪ።

እንዲህ ያለ ዝምታ በግቢያችን አይቼ አላውቅም። ሙሴ ተነሡ፣ ሄዱ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ነጥቀው ተመዘገቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከእህቴ ነው። ፕሮግራሙ ተማሪዎችን በየሳምንቱ በነጥብ ያወዳድራል፤ ልጆቿ ከልጄ ጋር ጓደኛ ሲሆኑ ሙሴም አብረው ገብተዋል። ደወለችልኝና «ይሄ ሙሴ404 የሚባለው ማነው? ልጆቼን ሦስት ሳምንት በተከታታይ ቀጣቸው፤ ትንሹ ምግብ አልበላም ብሏል» አለች። ፔጆ 404 መኪና እንደ ነበራቸው ነገርኳት፤ ዕድሜያቸውን ግን ደበቅኩ።

መስከረም ጠባ። ልጄ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፣ ደወሉን የፍየል አንገት ላይ አሠርነው። ትምህርት ቤቴ አንድ ተማሪ ብቻ ቀረው።

ባለፈው ማክሰኞ መብራትም ኔትወርክም በሌለበት፣ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲል በር ተደበደበ። ሙሴ ናቸው፣ በሽርጥና በባትሪ። ለ63 ቀን ሳያቋርጡ ተምረዋል፤ ስድስት ሰዓት ከሞላ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የባለቤቴ ስልክ አልፎ አልፎ መስመር እንደሚይዝ ሰምተው ነው። ሰገነቱ ላይ አወጣናቸው፤ ስልኩን ወደ ለገሃር አቅጣጫ ከፍ አድርገው አንዲት መስመር አገኙ፤ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ ድምፃቸው መጣ፦

«አቦ እናንተ፣ አንድ ልብ ብቻ ታበድሩኝ?»

«የኔን ውሰድ» አለች ባለቤቴ እያዛጋች፤ «የሱ ከሆነ ገና አልተገዛም።»