እንኳን ተረፋችሁ፤ አሁን ቤቱን ልቀቁ

አደጋ በደረሰ ቁጥር ምስጋና ይዘንባል። እሳት አጥፊው ይመሰገናል። ደም የለገሰው ይመሰገናል። ውኃ ያከፋፈለው ወጣት ፎቶ ይነሳል። ከአደጋው ማግስት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ የሚሠራውን አከራይ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግፍ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እናድንቅ። ጎርፉ ገና ከጓዳ አልወጣም። መንግሥት የሞተውንና የተረፈውን ቆጥሮ አልጨረሰም። አከራዩ ግን ሒሳቡን ዘግቷል፦ ቤት ፈላጊው በዛ፣ ቤቱ አነሰ፣ ስለዚህ ኪራዩ ይህን ያህል ይሁን። በዚህ ቅልጥፍና የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት እስካሁን አላየንም።

ደግሞ አደጋ የዘመድ ፍቅር ያነቃል። ስሙ ተነስቶ የማያውቅ የወንድም ልጅ ድንገት “ቤት ያስፈልገዋል” ይባላል። “ልጄ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም፤ ሥጋዬ ነው ምን ላድርግ?” ይላሉ ባለቤቱ። የወንድም ልጅ ከሌለ እድሳት አለ። ቧንቧው ለዓመታት ሲያንጠባጥብ “እናየዋለን” ሲባል ኖሯል። ነፋሱ ጣሪያውን ትንሽ ነቅነቅ ባደረገ ማግስት ግን ቤቱ ሰው ሊኖርበት የማይችል ሆኖ ይገኛል። ተከራዩ ከወጣ በኋላ አንድ ባልዲ ቀለም ይቀባና እንደገና ለሰው ልጅ ይመቻል፤ በአዲስ ዋጋ።

ድፍረትም አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሳው ሰደድ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ ኪራይን ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ወንጀል ነው ይላል። ነባሩን ተከራይ አስወጥቶ ከዚያ በላይ ለሌላ ማከራየትም እንደዚያው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሺህ ዶላር፣ አለዚያም ሁለቱም ነው። ተራ ሌባ ቢሆን ጨለማን ይጠብቅ ነበር። እነዚህ ግን የተሰቀለውን ዋጋ ከነፎቶው በኢንተርኔት ለጠፉት። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጥቂቶቹን ከሰሱ፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩት ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላኩላቸው። ደብዳቤ ክፉ ነገር አይደለም። በዚያው ግዛት ኪራይ ያዘገየ ተከራይም ደብዳቤ ይደርሰዋል። የእሱ ግን “በ3 ቀን ውስጥ ክፈል ወይም ውጣ” ይላል።

ከሁሉም ማዊ የተባለችውን የሃዋይ ደሴት አከራዮች ጥበብ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ላሃይና የተባለችው የደሴቷ ከተማ ተቃጠለች። 100 ያህል ሰው አለቀ። ገዥው ወዲያው በአዋጅ ኪራይ መጨመርን ከለከሉ፤ ኪራይ አልከፈለም ብሎ ተከራይን ማስወጣትንም አገዱ። ጥሩ ነው። ቀጥሎ ፌማ የተባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት መጣና ቤት ለተቃጠለባቸው ሰዎች ከገበያው በላይ እየከፈለ ቤት መከራየት ጀመረ። እሱም ጥሩ ነው። ታዲያ አንዳንዱ አከራይ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ቤቱ ውስጥ በድሮ ዋጋ የሚኖር ተከራይ ተቀምጧል! ኪራይ አልከፈልክም ብሎ ማስወጣት ክልክል ነው። ውሉ ሲያልቅ አላድስም ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤቱን ልሸጠው ነው፣ ዘመዴ ሊገባበት ነው ማለትም ሌላ ጉዳይ ነው። ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ሲባል ሜዳ ላይ ቀረ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይሄ ነው። እሳቱ ያልደረሰበትን ሰው የእርዳታው ገንዘብ ደረሰበት።

በነገራችን ላይ ራሱ የተጎዳ፣ የባንክ ዕዳ አንገቱ ላይ የቆመ አከራይ የለም አላልኩም። ሞልቷል። “እስክትረጋጉ ኪራዩን ተዉት” ያሉም አሉ። እነሱ ግን ለዚህ ውዳሴ አይመጥኑም፤ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ።

መንግሥትንም አንርሳ። እገዳ ማወጅ ይወዳል፤ እገዳውም ሁልጊዜ ማብቂያ ቀን አለው። ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች በኋላ ሉዊዚያና ውስጥ ተከራይ ማስወጣት ታግዶ ነበር። እገዳው በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ አበቃ። ተከራዩ ሌላ ግዛት፣ መጠለያ ውስጥ ነው። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ደግሞ ማንም የሌለበት ቤት በር ላይ ተለጠፈ። ቀጠሮውን አክብሮ አለመገኘቱ ያሳዝናል፤ ሥነ ሥርዓት የሚባል ነገር አለ እኮ።

እገዳ ሲባል ብዙ ሰው ኪራይ የተሰረዘ ይመስለዋል። አልተሰረዘም። ተጠራቀመ እንጂ። ሥራ ቦታው በውኃ የተወሰደበት ሰው የስንት ወሩን ኪራይ፣ እገዳው ባበቃ ማግስት በአንዴ ቁጭ ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል። ለዚያ የሚሆን የኪራይ ድጎማ አብሮ ቢመጣ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ግን ያኔ እገዳው ሥራ ሊሠራ ነው፤ ማን ይፈልገዋል? አከራዩ እንኳ ኢንሹራንሱ ላይ ያጣውን ኪራይ የሚተካ ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ያው ኢንሹራንስ የተከራዩን ፍራሽና የልጆቹን ልብስ ግን አያውቃቸውም። እነሱ ለብቻቸው ኢንሹራንስ ይግቡ።

የመጨረሻው ምስጋና ለእኛ ለተመልካቾች ይሁን። አደጋው በደረሰ ዕለት “ፈጣሪ ያጽናችሁ” ብለን ጽፈናል፣ የምታለቅስ ፊት ለጥፈናል፣ ሼር አድርገናል። ከወር በኋላ ያው ቤተሰብ ከነፍራሹ መንገድ ዳር ሲታይ ደግሞ ጠበቃ እንሆናለን። “የሰው ንብረት ነው፣ በንብረቱ ማን ያዘዋል?” እንላለን። ቀጥለንም ተከራዩን እንመክራለን፦ ለምን በጊዜው የራሱን ቤት አልሠራም? እውነት ነው። ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የተቃጠለው የራሱ ቤት ይሆን ነበር፤ ለአመድ ደግሞ ኪራይ የሚጨምር የለም።