ሀዋሳን በየትኛው «ሀ» ትፈልጓታላችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለብለብ እየበላሁ ነበር። አጠገቤ አንድ ወጣት አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች በስልኩ ይቀርጻል። አንጀት ሲሻሙ አሪፍ ቪዲዮ ወጣለትና ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከሥሩ የጻፈው «ወይኔ» ብቻ ነው። ሀዋሳ የለ፣ አሞራ ገደል የለ።

አንዳንድ አገሮች ኢንተርኔቱን ሞልተውት እኛ የማንታየው ለምንድን ነው ሲባል መልሳችን የታወቀ ነው፤ ኔትወርክ፣ መብራት፣ ብር። እውነት ነው። ኢንተርኔቱም ስንት ጊዜ ተዘግቶብናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ወሬ መች አጣን? የምናወራው ውሎ የማያድር ቦታ ላይ ሆነ እንጂ።

የአይስላንድ ሕዝብ 400 ሺህ አይሞላም። በቋንቋቸው ያለው ዊኪፔዲያ ግን ከ50 ሺህ በላይ ጽሑፍ አለው። የአማርኛው 15 ሺህ አካባቢ ነው። (ቁጥር ይዋሻል እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ። ሴብዋኖ በሚባለው የፊሊፒንስ ቋንቋ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛውን የጻፈው አንድ ስዊድናዊ የሠራው ፕሮግራም ነው።)

የእኛ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ነው። የሰፈር ታሪኩ፣ የመድኃኒት ጥቆማው፣ ክርክሩ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል፤ በማግስቱ አዲስ መልእክት ይከመርበታል። ከዓመት በኋላ ጉግል ላይ የሚፈልገው ሰው እምብዛም አያገኘውም።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አያንቶዎቹ ኮከብ አይተው ቀኑን እንዴት እንደሚቆርጡ በአማርኛ ልፈልግ ብዬ ስገባ፣ የሚመጣልኝ በአመዛኙ «የሥራ ኃላፊዎች በተገኙበት በድምቀት ተከበረ» ነው። ቀኑን የሚያሰሉትን ሽማግሌዎች ቁጭ ብሎ የጠየቀ ሰው ይኖራል። ያገኘውን የት እንዳኖረው ግን እንጃ።

በፊደል ማሳበብም አያዋጣም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚግባቡበት መስፈርት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ ስንጽፍ አለመስማማታችን ነው፤ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ለእኛ አንድ ከተማ፣ ለማሽኑ አራት ቃል።

ወደዚያ ልጅ ልመለስና፣ «ወንድሜ፣ ቦታውን ጻፍበት እንጂ» አልኩት። ደስ ብሎት ስልኩን አወጣ። መጻፍ ጀመረና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ በየትኛው ሀ?»